የዐርብ ስፖርትና የሰኞ ደረት



በአገራችን የሥራ አመራር እንደ ልብስ ፋሽን አለው። ቢፒአር መጣ፤ የየመሥሪያ ቤቱ ግድግዳ በሂደት ሥዕል ተሞላ፤ ባለጉዳዩ ግን በሩ ላይ ቆሞ ቀረ። ቢኤስሲ ተከተለ፤ ሠራተኛው ሁሉ ራሱን በነጥብ መመዘን ተማረ። ካይዘን መጣ፤ መጋዘኑ ተጠረገ፣ ወለሉ ላይ ቢጫ መሥመር ተሰመረ። እያንዳንዱ ሲመጣ ሥልጠና፣ ማንዋል፣ የሆቴል አዳራሽና አበል አስከትሎ መጣ፤ ሲሄድ ግን ምን ትቶ እንደ ሄደ የጠየቀው አልነበረም። አሁን ደግሞ ተራው «ዌልነስ» የተባለው ነገር ሆኗል። በአማርኛ ገና የረጋ ስም ስላላገኘ በዚህ ጽሑፍ «የጤንነት መርሐ ግብር» እለዋለሁ። ድርጅቱ ለሠራተኞቹ ስፖርት ያሠራል፣ ክብደትና የደም ግፊት ያስለካል፣ ስለ ጭንቀት ሥልጠና ይሰጣል፤ ሠራተኛው ጤናማ ይሆናል፣ ምርት ያድጋል፣ ሁሉም ደስ ይለዋል። ሐሳቡ ሲነገር እንዲህ ነው።

በቅርቡ የዚህ ዓይነት አንድ የፕሮጀክት ሰነድ አስተያየት እንድሰጥበት እጄ ገባ። የድርጅቱን ስም አልጠቅስም፤ ጉዳዩ የአንድ ድርጅት ብቻ አይደለምና። ሰነዱ በጥሩ ወረቀት የታተመ፣ ሥዕላዊ መግለጫው የበዛ፣ አንደበቱም የተዋበ ነበር። ዐርብ ዐርብ ከሥራ በኋላ የጋራ ስፖርት፣ በዓመት አንድ የጤና ሳምንት፣ የድርጅቱ ዓርማ ያለበት ካናቴራ፣ በጥልቀት የመተንፈስ ልምምድ፣ «አዎንታዊ አስተሳሰብ» የሚል የግማሽ ቀን ሥልጠና፣ ለኃላፊዎች ደግሞ የጂም አባልነት። ከሽፋኑ እስከ መጨረሻው ገጽ አገላብጬ «ደመወዝ»፣ «የመጠጥ ውኃ»፣ «መጸዳጃ ቤት»፣ «የሥራ ሰዓት»፣ «የሠራተኛ ማኅበር» የሚሉ ቃላት አንድም ቦታ አላገኘሁም። ስለ ሠራተኛ ጤና በሚያወራ ሰነድ ውስጥ ሠራተኛው ስምንት ሰዓት የሚውልበት ሥራ አልተጠቀሰም!

የዚህ ጽሑፍ አቋም አጭር ነው። የሠራተኛው ጤንነት በሕግ የተደነገገ መብቱ እንጂ የአሠሪው ስጦታ አይደለም። ዕዳውን ሳይከፍል ስጦታ የሚያድል ሰው ለጋስ አይባልም። የጤንነት መርሐ ግብር መጀመር የሚፈልግ ድርጅት ካለ መጀመሪያ ሥራውን ራሱን ከበሽታ ያጽዳ፤ ስፖርቱ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ሰኞ ጧት የሚያፍነው ደረት

ከጥጥ እንጀምር። ባሕር ዳር ስትነሣ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዋ አብሮ ይነሣል፤ ከጣልያን በተገኘ የጦር ካሣ በ1953 ዓ.ም. ተቋቁሞ ከተማዋን ከተማ ካደረጓት ተቋማት አንዱ የሆነ ነው። የጥጥ ፋብሪካ ሠራተኛን የሚያጠቃ አንድ የታወቀ የሳንባ ሕመም አለ፤ ሐኪሞች ቢሲኖሲስ ይሉታል። ከጥጥ ብናኝ የሚመጣ ሲሆን ጠባዩም ልዩ ነው፤ ሠራተኛው በዕረፍት ቀኑ ቀለል ይለዋል፣ ሰኞ ጧት ወደ ብናኙ ሲመለስ ደረቱ ይታፈናል። እንግሊዞች በጥጥ ፋብሪካዎቻቸው ዘመን ይህን ሕመም ከሰኞ ጋር አያይዘው የሰየሙት ስለዚህ ነው። ዓመታት ሲያልፉ ሰኞ ብቻ የነበረው መታፈን ማክሰኞንም ረቡዕንም ይወርሳል፤ በመጨረሻም የዕረፍት ቀን ሳይቀር ሳንባው አይመለስም።

ይህ የእንግሊዞች ታሪክ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1991 በአንድ የብሪታንያ የኢንዱስትሪ ሕክምና መጽሔት ላይ የታተመ ጥናት በአንድ የኢትዮጵያ የጥጥ ፋብሪካ 595 ሠራተኞችን መርምሮ ነበር። ጥጡ ተፈትቶ በሚናፈስበት ክፍል ከሚሠሩት ከመቶ 43.2፣ በማበጠሪያው ክፍል ከሚሠሩት ደግሞ ከመቶ 37.5 ያህሉ ቢሲኖሲስ ተገኝቶባቸዋል። በናፋሽ ክፍል ከሚሠሩ አምስት ሰዎች ሁለቱ ማለት ነው።

እንግዲህ የተከበሩ ሥራ አስኪያጅ ሆይ፣ እስቲ እንነጋገር። ለዚህ ሠራተኛ ዐርብ ማታ የሚያሠሩት ስፖርት ምን ያደርግለታል? ችግሩ የሚገባው በአየሩ ነው፤ መድኃኒቱም ያለው አየሩ ላይ ነው። ብናኝ የሚስብ ማሽን፣ የሚሠራ የአየር ማስወጫ፣ በየጊዜው የሚደረግ የሳንባ ምርመራ፣ ሕመሙ የጀመረውን ሠራተኛ ደመወዙ ሳይቀነስ ወደ ሌላ ክፍል ማዛወር። እነዚህ ሁሉ ገንዘብ ይጠይቃሉ። ካናቴራ ግን ርካሽ ነው፤ ፎቶግራፍም ላይ ያምራል። ነገሩ አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ነው፤ አየሩን ያበላሸው ማሽኑ ሆኖ ሳለ የሚስተካከለው የሠራተኛው አተነፋፈስ ሆነ።

የወንጂ ውኃ

ሁለተኛው ምሳሌ ከዚህ ይብሳል። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. በሆላንዱ ኤች ቪ ኤ ኩባንያ ሥራ ሲጀምር በኢትዮጵያ የዘመናዊ ኢንዱስትሪ ምልክት ነበር። በዘመኑ ብዙ ኢትዮጵያዊ ያላየውን የሠራተኛ ሰፈርና ሕክምና አቅርቧል። ዛሬ ቢሆን «ሞዴል» ተብሎ ሽልማት በተሰጠው ነበር። ነገር ግን ስምጥ ሸለቆ ውስጥ የተቆፈሩት የጉድጓድ ውኃዎች ፍሎራይድ የበዛባቸው ነበሩ። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ የሚፈቅደው በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው፤ የወንጂ ጉድጓዶች ከዚያ በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ነበረባቸው። ይህን ውኃ ለረጅም ዓመታት የጠጡ ሠራተኞች መጀመሪያ ጥርሳቸው በለዘ፤ ቀጥሎም አጥንታቸው እየጠነከረ መገጣጠሚያቸው ደረቀ፤ ከመካከላቸውም ጀርባቸው ጎብጦ፣ ነርቫቸው ተጨቁኖ፣ ሸንኮራ በቆረጡበት እጅ ምርኩዝ የጨበጡ ነበሩ። ሐኪሞቻችን ይህን መርምረው በዓለም አቀፍ መጽሔቶች አሳትመውታል፤ ምስጢር አይደለም።

ከወንጂ የምንማረው ምንድን ነው? ሕክምና ያለው ድርጅት ሠራተኛውን በገዛ ውኃው ሊያሽመደምደው ይችላል። ለጥርሱ የምትሰጠው ብሩሽ፣ ለወገቡ የምታስተምረው እንቅስቃሴ ከጉድጓዱ የሚወጣውን አይለውጠውም። ጥያቄው «ለሠራተኛው ምን ተጨማሪ ነገር እንስጠው?» ሳይሆን «ሠራተኛውን እያሳመምነው ያለነው በምንድን ነው?» የሚል መሆን ነበረበት። አንድ የጤንነት መርሐ ግብር ሁለተኛውን ጥያቄ ሳይጠይቅ የመጀመሪያውን ከጠየቀ ከመነሻው ስቷል።

ከግቢያችን አጥር ወዲያ

አሁን ወደ ሰፈራችን እንምጣ። ከባሕር ዳር አባይን ተሻግረን ወደ ዘንዘልማ የምንመላለስ የግብርና መምህራን ለተማሪዎቻችን ስለ ፀረ ተባይ የምናስተምረው ነገር አለ። ኬሚካል ከተረጨ በኋላ ሰው ወደ ግሪን ሃውሱ ከመግባቱ በፊት የሚጠበቅ ሰዓት አለ፤ እንደ ኬሚካሉ ዓይነት ይለያያል፤ በዕቃው ላይም ተጽፏል። ተማሪው ይህን በፈተና ይመልሳል። ተመርቆ በአበባ ወይም በአትክልት እርሻ ሲቀጠር ግን የሚገጥመው ሌላ ፈተና ነው፤ የአውሮፕላኑ ሰዓት ደርሷል፣ አበባው መቆረጥ አለበት፣ ሴቶቹ ደግሞ በር ላይ ቆመዋል። «ይቆዩ» ብሎ መናገር የሚችለው ሥራውን ማጣት የማይፈራ ብቻ ነው።

በ2017 እ.ኤ.አ. ቶራክስ በተባለው የሳንባ ሕክምና መጽሔት የታተመ ጥናት በኢትዮጵያ በግሪን ሃውስ፣ በሰፋፊ ክፍት እርሻዎችና በአነስተኛ የመስኖ እርሻዎች የሚሠሩ ሰዎችን መርምሮ፣ ለፀረ ተባይ መጋለጥ ከተዳከመ የሳንባ አቅም ጋር የተያያዘ መሆኑን አሳይቷል። ልብ በሉ፤ አነስተኛ የመስኖ እርሻ የተባለው የጣና ዳር ገበሬያችንም የሚሠራው ዓይነት ሥራ ነው። ስለዚህ ጉዳዩ የውጭ ባለሀብት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ጀርባው ላይ የመርጫ ዕቃ አዝሎ፣ አፉን በነጠላ ጫፍ ሸፍኖ ሽንኩርት የሚረጨውም ልጅ ሠራተኛ ነው፤ እርሱን ግን የትኛውም «ዌልነስ» አያውቀውም።

የማያውቃቸው ሌሎችም አሉ። በየተቋሙ በር ላይ የሚቆሙት ጥበቃዎች፣ ጧት ማንም ሳይገባ ቢሮ የሚያጸዱት እናቶች ብዙዎቹ በኤጀንሲ የተቀጠሩ ናቸው። የሚሠሩት እዚህ ነው፤ ደመወዛቸው ግን በሌላ እጅ በኩል ተሸርፎ ይመጣል። የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን በዚህ ጉዳይ ደጋግሞ ጮኋል። የጤና ሳምንት ሲመጣ ስማቸው በድርጅቱ ሠራተኞች ዝርዝር ውስጥ ስለሌለ የደም ግፊታቸውን የሚለካ የለም። አዳራሹን አጽድተው ወንበር ደርድረው ይወጣሉ፤ ስለ ጤና የሚሰጠው ሥልጠና ይጀመራል። ከዚህ የበለጠ ስላቅ አለን?

ስለ ጭንቀት ሥልጠናውም አንድ ቃል ልበል። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልላችን በተከሰተው ግጭት የተኩስ ድምፅ ያልሰማ፣ መንገድ ተዘግቶበት ያልቀረ፣ ስለ ወላጆቹ ሳይተኛ ያላደረ ሠራተኛ ጥቂት ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር በላይ ሆኗል፤ ደመወዝ ግን በዚያ ፍጥነት አልተከተለም። ይህን ሰው ዓይንህን ጨፍነህ በጥልቀት ተንፍስ ማለት ከክፋት የመነጨ ነው አልልም። ነገር ግን የጭንቀቱን ምንጭ ከአገርና ከኪስ አውርዶ በግለሰቡ አእምሮ ውስጥ ማስቀመጥ ነው። ሠራተኛው ሲጨነቅ ጥፋቱ የአተነፋፈሱ ይሆናል። አሠሪው ጦርነቱን ማቆም አይችልም፤ ከመሸ በኋላ የሚያልቀውን ፈረቃ ቀደም ማድረግ፣ ሰርቪስ ማቅረብ፣ መንገድ በተዘጋበት ቀን የቀረውን ደመወዝ አለመቁረጥ ግን ይችላል።

ጥናቱስ ምን ይላል?

«ዶክተር፣ ይህ የአንተ ስሜት ነው፤ መርሐ ግብሩ በዓለም ላይ ተሞክሮ ውጤት ያመጣ ነው» የሚሉኝ አሉ። በውጤቱ እንነጋገር።

አማካሪዎች አዘውትረው የሚጠቅሱት እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ የጥናቶች ግምገማ አለ። ለጤንነት መርሐ ግብር የሚወጣ አንድ ዶላር 3.27 ዶላር የሕክምና ወጪ፣ 2.73 ዶላር ደግሞ ከሥራ በመቅረት የሚደርስ ኪሳራ ያድናል የሚል ነው። ከጸሐፊዎቹ ሁለቱ፣ ካትሪን ባይከርና ዚሩይ ሶንግ፣ ነገሩን ራሳቸው በጠበቀ መንገድ ሊፈትኑት ተነሡ። በአንድ የአሜሪካ የጅምላ መደብር ድርጅት 160 ቅርንጫፎች ውስጥ ያሉ ወደ 33,000 የሚጠጉ ሠራተኞችን ወስደው መርሐ ግብሩ የሚጀመርባቸውን ቅርንጫፎች በዕጣ ለዩ። እ.ኤ.አ. በ2019 ውጤቱን አሳተሙ። ከ18 ወራት በኋላ ሠራተኞቹ «ስፖርት እሠራለሁ» ማለታቸው ጨምሯል፤ በክብደት፣ በደም ግፊት፣ በኮሌስትሮል፣ በሕክምና ወጪና ከሥራ በመቅረት ግን ትርጉም ያለው ልዩነት አልተገኘም። የምሁርነት ክብር ማለት ይህ ነው፤ አማካሪዎቻችን ግን የ2010ሩን እንጂ የ2019ኙን አያነቡልንም።

በዚያው ዓመት የታተመው የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ጥናት 4,834 ሠራተኞችን በዕጣ ከፍሎ ተመሳሳይ ውጤት ላይ ደረሰ። እንዲያውም አንድ ነገር አጋለጠ፤ በፈቃዳቸው ወደ መርሐ ግብሩ የሚገቡት አስቀድሞም የሕክምና ወጪያቸው ዝቅተኛ የነበሩት ናቸው። ጤነኛው ይመጣል፤ ከዚያ «መርሐ ግብራችን ጤነኛ አደረገው» ይባላል። የኦክስፎርዱ ዊልያም ፍሌሚንግ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2024 ባሳተመው ጽሑፍ በ233 የብሪታንያ ድርጅቶች ያሉ 46,336 ሠራተኞችን መረጃ መርምሮ፣ የጭንቀት ሥልጠናና የመሳሰሉትን የወሰዱት ካልወሰዱት የተሻለ ደኅንነት እንደሌላቸው አገኘ።

ልብ በሉ፤ እነዚህ አገሮች ቢያንስ የውኃና የመጸዳጃ ቤቱን ጉዳይ በአብዛኛው የጨረሱ ናቸው። እዚያ ያልሠራ ነገር እዚህ እንዴት ይሠራል?

የእኛንም አገር የሚመለከት ጥናት አለ። ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ዴርኮን በኢትዮጵያ አምስት ድርጅቶች፣ አንዱ የአበባ እርሻ ነው፣ ለሥራ ካመለከቱ ወደ 1,000 የሚጠጉ ወጣቶች መካከል ማን እንደሚቀጠር በዕጣ እንዲወሰን አድርገው ተከታተሏቸው። ከተቀጠሩት ሲሶው በአንድ ወር ውስጥ፣ ከመቶ 77ቱ በዓመት ውስጥ ሥራውን ጥለው ሄዱ። በዓመቱ መጨረሻ የፋብሪካ ሥራ ያገኙት ካላገኙት የተሻለ ገቢ አልነበራቸውም፤ ከባድ የጤና ችግር ግን በሥራ ፈላጊዎቹ መካከል ከመቶ 4 ገደማ ሲሆን በተቀጠሩት ወደ 7 ከፍ ብሎ ነበር። ከአምስት ዓመት በኋላ ሲጠየቁ ልዩነቱ ጠፍቷል፤ በዚያን ጊዜ ግን አብዛኛዎቹ ያንን ሥራ ከተዉ ቆይተዋል። ሠራተኛው ለጤናው ያገኘው መፍትሔ በእግሩ መሄድ ነበር።

ሠራተኛ እንዳይሸሽ ምን ማድረግ ይሻላል? ሄንሪ ፎርድ እ.ኤ.አ. በ1913 ይህ ችግር ገጥሞት ነበር፤ የሠራተኞቹ መለዋወጥ በዓመት ከመቶ 370 ደርሶበታል። በጥር 1914 የቀን ደመወዙን ወደ 5 ዶላር አሳደገ፣ የሥራ ሰዓቱን ከ9 ወደ 8 አወረደ፤ ሽሽቱም ቆመ። ፎርድ ጻድቅ አልነበረም። ደመወዙን የሚያገኘው ሠራተኛ ይጠጣ እንደሆነ፣ ቤቱ ንጹሕ እንደሆነ የሚመረምሩ ሰዎች በየቤቱ የሚልክ ክፍል አቋቁሞ ነበር። ይህም ሌላ ትምህርት ይሰጠናል፤ ለሠራተኛው ጤና የሚያስብ አሠሪ ሳይታወቀው የሠራተኛውን ኑሮ ወደሚሰልል አሠሪ ሊለወጥ ይችላል።

የመንግሥት ድርሻ

ድርጅቶቹን ብቻ መውቀስ ፍትሕ አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ2019 የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ አንድ የጥናት ማዕከል ስለ ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ባወጣው ዘገባ የልብስ ስፌት ሠራተኞች መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር መሆኑን፣ ይህም በዘርፉ ከሚታወቁት አገሮች ሁሉ ዝቅተኛው መሆኑን ጻፈ። ይህ ርካሽነት የተደበቀ ኀፍረት አልነበረም፤ ባለሀብት መጥሪያ ሆኖ ይነገርበት ነበር። በዚያው ዓመት የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል የሚወስን ቦርድ እንዲቋቋም ደነገገ፤ ኮንፌዴሬሽኑም ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት በየሜይ ዴይ ይህንኑ ሲጠይቅ ኖረ። የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690/2002 ሲወጣ ሠራተኛው ከደመወዙ ከመቶ 3፣ አሠሪው ከመቶ 3 አዋጥተው ተቀጣሪው እንዲታከም ታስቦ ነበር፤ አፈጻጸሙ ከአሥር ዓመት በላይ ሲንከባለል ኖረ። ገበሬው በማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ መታወቂያ መያዝ ሲጀምር የፋብሪካ ሠራተኛው በኪሱ ይታከም ነበር። እንግዲህ መንግሥት የመድን ሕጉን ሳያስፈጽም፣ ድርጅቱ ካናቴራ ሲያድል፣ ሠራተኛው ወባ ሲይዘው ተበድሮ ይታከማል። እ.ኤ.አ. በ2024 እስከ ጥቅምት 20 ድረስ ብቻ በአገራችን ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን መመዝገባቸውን የዓለም ጤና ድርጅት አስታውቋል። በጣና ዳር ወባ ምን እንደሆነ ለማንም አይነገርም።

«ከምንም ይሻላል»

የሚቀርብልኝ ዋናው ተቃውሞ ይህ ነው። «ድርጅቱ ደመወዝ ለመጨመር አቅም የለውም፤ ትንሽም ቢሆን ስፖርቱ ከምንም ይሻላል።» ስፖርት ጠልቼ አይደለም። ሠራተኛ ማኅበራት ራሳቸው በኮንፌዴሬሽኑ ሥር የፋብሪካዎችን የስፖርት ውድድር ለዓመታት ሲያካሂዱ የኖሩ ናቸው፤ ያ የሠራተኛው የራሱ ነው፤ ቡድኑን የሚመርጠው፣ አሸንፎ የሚጨፍረው እርሱ ነው። የኔ ተቃውሞ ስፖርቱ የውኃውን ቦታ ሲይዝ ነው። ትንሹ ነገር ከምንም የሚሻለው ትልቁን እስካልሸፈነ ድረስ ብቻ ነው። በጀት ዓመቱ ሲዘጋ በሪፖርቱ ላይ «የሠራተኞች ጤና፦ ተከናውኗል» ተብሎ ከተጻፈ ግን የአየር ማስወጫው ጥያቄ ከነስሙ ተቀበረ ማለት ነው። ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

ሌላው ተቃውሞ «አንተ ደመወዝ ከፍለህ የማታውቅ መምህር ነህ» የሚለው ነው። እውነት ነው፤ ከፍዬ አላውቅም። ነገር ግን የምጠይቀው ከሕጉ የዘለለ አይደለም። የመደበኛ ሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ በመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀናት የዓመት ዕረፍት እንዲሰጥ፣ ለወላድ 30 ቀን ከወሊድ በፊት፣ 90 ቀን ከወሊድ በኋላ እንዲፈቀድ፣ ለታመመ ሠራተኛ የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዩ ሁለት ወር ግማሽ ደመወዝ እንዲከፈል የደነገግሁት እኔ አይደለሁም። የአዋጁ አንቀጽ 92 አሠሪው የመከላከያ ዕቃ እንዲያቀርብ፣ የደኅንነት ሠራተኛ እንዲመድብ፣ የሙያ ደኅንነትና ጤንነት ኮሚቴ እንዲያቋቁም፣ አደጋና ከሥራ የሚመጣ በሽታን መዝግቦ ለሥራ ሁኔታ ቁጥጥር አገልግሎት እንዲያሳውቅ፣ አደገኛ ሥራ ላይ ያሉትን በራሱ ወጪ እንዲያስመረምር ያዝዛል። ይህ ሁሉ ተሟልቶ ስፖርት ሲጨመር ደስ ይለኛል።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

የጤንነት መርሐ ግብር በቅንነት መጀመር ለሚፈልግ ድርጅት ቅደም ተከተሉ የሚከተለው ሊሆን ይገባል እላለሁ።

አንደኛ፤ ኮሚቴው በሠራተኞች የተመረጡ ሰዎች ይኑሩበት፤ በኤጀንሲ የሚሠሩትም ይወከሉ። የመጀመሪያው ስብሰባ አጀንዳ «እዚህ ግቢ ውስጥ ምን ያሳምማችኋል?» የሚል አንድ ጥያቄ ብቻ ይሁን፤ ኃላፊዎችም ዝም ብለው ያዳምጡ።

ሁለተኛ፤ የአደጋና የሕመም መዝገቡ ይከፈት። ማን ታመመ፣ በየትኛው ክፍል፣ በስንተኛው ወር ሥራ ለቀቀ? በአንድ ክፍል ሰዎች ተደጋግመው የሚያስሉ ከሆነ ችግሩ የክፍሉ እንጂ የሰዎቹ አይደለም።

ሦስተኛ፤ ውኃው ይመርመር፣ መጸዳጃ ቤቱ ለሴቶችም የሚሆን ይሁን፣ ምግብ የሚበላበት ቦታ ከኬሚካሉ ይራቅ፣ የተረጨበት ሰዓት በር ላይ በአማርኛ ይጻፍ፤ ከዚያ ሰዓት በፊት አልገባም ያለች ሠራተኛም አትቀጣ።

አራተኛ፤ ምርመራ ሲደረግ ውጤቱ የሐኪሙና የታማሚው ብቻ ይሁን። በዚህ በኩል ጥሩ ትምህርት አለን። ኤች አይ ቪ አገሪቱን ባስጨነቀበት ዘመን በየመሥሪያ ቤቱ ክበብ ተቋቁሞ፣ ቡና እየተፈላ ውይይት ሲደረግ፣ ሕጉ አሠሪው ሠራተኛውን ለቫይረሱ እንዳያስመረምር ይከለክል ነበር፤ አሁንም ይከለክላል። ሰው ጤናው ሥራውን እንደማያሳጣው ካልተማመነ ደሙን አይሰጥም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ እንዲደብቅ የሚያደርገው ግን ብዙ ጊዜ የሰው ሀብት ክፍሉ ፋይል ነው።

አምስተኛ፤ ሕመም የያዘው ሰው ያለ ፍርሃት ይቅር፤ የዓመት ዕረፍቱም በወረቀት ሳይሆን በእውነት ይሰጠው።

ስድስተኛ፤ ይህ ሁሉ ከሆነ በኋላ የቀረውን ገንዘብ ሠራተኞቹ ራሳቸው ይወስኑበት። ኳስ ሜዳ ቢሉ ሜዳ፣ የሕፃናት ማቆያ ቢሉ ማቆያ። የብዙ እናቶች ምርጫ ዮጋ ይሆናል ብዬ አልጠብቅም።

ለሙያ ባልደረቦቼም የምለው አለኝ። እነዚህን ሰነዶች የምንጽፈው እኛ ነን። ድርጅቱ የሚፈልገውን እናውቃለን፤ እርሱንም በተዋበ ቋንቋ እንጽፍለታለን፤ ክፍያችንን እንቀበላለን። ሐኪም ያልመረመረውን በሽተኛ «ደኅና ነህ» ቢል ወንጀለኛ ይባላል። ፋብሪካውን ሳይዞር፣ ብናኙን ሳይለካ፣ አንዲት ሠራተኛ ሳያነጋግር የጤንነት ሰነድ የሚጽፍ ባለ ሦስተኛ ዲግሪስ ምን ይባላል? አስተያየት እንድሰጥበት የተላከልኝን ሰነድ እኔ የመለስሁት አንድ ዐረፍተ ነገር ጽፌበት ነው፦ «ክፍሉ በሥራ ላይ ሳለ የአየሩ ብናኝ ይለካና ውጤቱ ከዚህ ሰነድ ጋር ይያያዝ።» መልሱ ገና አልደረሰኝም።

ልቦናውን ለሁላችን ይስጠን። ቸር እንሰንብት።